ሻይ፣ ካንዴላ እና የኤሌክትሪክ ኩሬ

የእህቴ ልጅ ታክሲ ነጂ ነው። ከድሬዳዋ ሐረር ይሠራል። ባለፈው እሑድ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን ሻይ እየጠጣን ስልኩን አወጣና የአንዲት ነጭ መኪና ፎቶ አሳየኝ። ዕቁብ ደርሶታል። የቤንዚን ወረፋም አንገሽግሾታል። የኤሌክትሪክ መኪና ሊገዛ ነው።

«አክስቴ፣ ሻጩ ጭስ የሚባል ነገር የላትም፣ አየር አትበክልም አለኝ። አንዱ ጓደኛዬ ደግሞ አቦ ተወው፣ ባትሪዋ ሲሠራ የሚወጣው ጭስ ከቤንዚን የባሰ ነው ይላል። ማንን ልመን?»

ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ግን ሁለቱም ግማሹን ነው የነገሩት። ሌላው ግማሽ ያለው ዕቃው በመጣበት መንገድ ላይ ነው፤ መንገዱን ወደ ኋላ ካልተከተልነው አናገኘውም። እኔም ወደ ባትሪው ከመግባቴ በፊት እጃችን ላይ ከነበረው ብርጭቆ ጀመርኩለት፤ እዚህም ከዚያው ልጀምር።

ሻይ የሚለው ቃል ከቻይና የመጣ ነው። አብዛኛው ቻይናዊ «ቻ» ይለዋል። በየብስ፣ በፋርስ በኩል ሲያልፍ «ቻይ» ሆነ። ዐረብኛ ውስጥ «ቸ» የሚባል ድምፅ ስለሌለ ዐረቦች «ሻይ» አሉት፤ እኛም እንዳለ ወሰድነው። እዚሁ ድሬ ሶማሌው «ሻህ» ይላል፣ ኦሮሞው «ሻዪ» ይላል፣ ሁሉም የዚያው መንገድ ልጆች ናቸው። እንግሊዞችስ «ቲ» የሚሉት ከየት አምጥተው ነው? ይሄም ቻይንኛ ነው! ፉጂያን በሚባለው የቻይና ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ በሚነገረው ቋንቋ ያው ቅጠል «ቴ» ይባላል። የሆላንድ ነጋዴዎች ሻዩን የሚገዙት የዚያን አካባቢ ቋንቋ ከሚናገሩ ሰዎች ስለነበር ቃሉንም ከሻዩ ጋር መርከብ ላይ ጭነው ወደ አውሮፓ ወሰዱት። ፖርቹጋሎች ግን በማካዎ በኩል ስለገቡ እስከ ዛሬ «ሻ» ነው የሚሉት። ቅጠሉ አንድ ነው። ስሙን ስትሰማ ግን በየት በኩል እንደመጣ ታውቃለህ።

እንግሊዝኛ ውስጥ እንዲህ ያሉ የቻይና ቃላት ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ በእንግሊዝኛ ትከሻ ላይ ተፈናጠው እኛም ጋ ደርሰዋል። በርገር ላይ የምናፈሰው ኬቻፕ መነሻው የቲማቲም አልነበረም፤ ከዚያው ከፉጂያን አካባቢ የወጣ፣ በዓሣ የሚሠራ የጨው መረቅ ስም ነው። ቲማቲሙ የገባበት በኋላ፣ ምዕራባውያን እጅ ከወደቀ ወዲህ ነው። ኩንግፉ ሲባል ሁላችንም ትዝ የሚለን ምት ነው፤ ቃሉ በቻይንኛ ግን ተለፍቶበት የሚገኝ ማንኛውንም ችሎታ ያመለክታል። «አእምሮውን አጠቡት» የምንለው አነጋገር ራሱ ከቻይንኛ ቃል በቃል ተገልብጦ እንግሊዝኛ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1950 ግድም፣ በኮሪያ ጦርነት ሰሞን ነው። የእኛ ቃኘው ሻለቃም የዘመተበት ጦርነት ነው።

ከሁሉ የምወደው አንድ አለ። ቻይናዎች ሰውን ሲያበረታቱ «ጂያዮ» ይላሉ። እኛ «በርታ!»፣ «አይዞህ!» እንደምንለው ማለት ነው። ቃል በቃል ሲተረጎም ግን «ዘይት ጨምር» ነው። ነዳጅ ማደያም በቻይንኛ የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው፣ «ዘይት መጨመሪያ» ተብሎ። ሆንግ ኮንግ ያሉ ሰዎች ይህንኑ በእንግሊዝኛ ቃላት እየተረጎሙ ሲሉት ኖረው እ.ኤ.አ. በ2018 ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ተቀብሎ አስገባው። ዛሬ ዓለምን ዘይት በማይጨመርበት መኪና የሚያጥለቀልቁትም እነዚሁ ቻይናዎች ናቸው።

ይህን ስነግረው የእህቴ ልጅ ሳቀ። ግን ወሬ ማርዘሜ አልነበረም። ዕቃ ብቻውን ተጉዞ አያውቅም፤ ቃሉን ይዞ ይመጣል፣ ዕዳውንም ይዞ ይመጣል። ለዚህ ምስክር ድሬዳዋ ትበቃለች። ከተማዋ የተቆረቆረችው የፈረንሳዮቹ ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ነው፤ ከባቡሩ ጋር ፈረንሳይኛው ገባ። ለገሃር፣ ሹፌር፣ ቢሮ የምንለው ከዚያ ነው። የኤሌክትሮኒክስ ገበያችንን ደግሞ ዕቃው ይመጣበታል በተባለው አገር «ታይዋን» ብለን ጠራነው።

እኔ ያደግኩት አባቴ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ የዚያ ቤት ቋንቋ ደግሞ ጣሊያንኛ ነበር ማለት ይቻላል። ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ። ትምህርት ቤት ሳልገባ በፊት እነዚህን አውቃለሁ። አሁን የእህቴ ልጅ ሊገዛት ያሰባትን መኪና ተመልከቱ። ካንዴላ የላትም፤ ምክንያቱም የሚቀጣጠል ነገር የለም። ማርሚታ የላትም፤ የሚወጣ ጭስ የለማ። ፍሪሲዮን የላትም፣ እኛ የምናውቀው ካምቢዮም የላትም፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ከዜሮ ጀምሮ ሙሉ ጉልበት ስለሚሰጥ ማርሽ እየቀያየሩ ማባበል አያስፈልገውም። ዘይት መቀየር፣ የዘይት ፊልትሮ፣ ይሄ ሁሉ ቀርቷል። ጎማው፣ ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታና ፍሬኑ ግን አሁንም አሉ። ያባቴ መዝገበ ቃላት ግማሹ ጡረታ ሊወጣ ነው። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ከፍቶኛል።

በምትኩ የሚገባው ቃል ምንድን ነው? ብዙዎቹ መኪኖች መጀመሪያ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ስለሆኑ ስክሪናቸው ላይ የሚወጣው ጽሑፍ ቻይንኛ ነው። ሹፌሮቻችን ምልክቱን በቅርጹ እየሸመደዱ ነው የሚነዱት። እዚያ ስክሪን ላይ ደጋግማ የምትመጣ አንዲት ቃል አለች፣ «ድየን» የምትባል፤ ኤሌክትሪክ ማለት ነው። ቻይናዎች በዚህች ቃል ብዙ ነገር ሠርተውባታል። ስልክ «የኤሌክትሪክ ንግግር» ነው። ኮምፒውተር «የኤሌክትሪክ አንጎል» ነው። ባትሪ ደግሞ «ድየንቺ» ይባላል፣ «የኤሌክትሪክ ኩሬ» ማለት ነው።

ባትሪን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም። ኩሬ ውሃ አያመነጭም፣ ከሌላ ቦታ የመጣውን ነው የሚያቁረው። ባትሪም እንደዚያው ነው። ስለዚህ መኪናዋ ንጹሕ ናት ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሁለት ነገር ማጣራት አለበት። ኩሬው ሲቆፈር ምን ያህል ጉዳት ደረሰ? ወደ ኩሬው የሚገባው ውሃስ ከየት የተቀዳ ነው?

መጀመሪያ ስለ ቁፋሮው። ባትሪው ውስጥ ዋናው ማዕድን ሊቲየም ነው። መጠኑ ብዙ አይደለም፣ በአንድ መካከለኛ መኪና ባትሪ ውስጥ ከ10 ኪሎ አይበልጥም። በብዛት የምታወጣው አውስትራሊያ ናት፣ ከድንጋይ። በእኛም አገር ጉጂ ውስጥ፣ ቀንጢቻ፣ ሊቲየም ያለው ድንጋይ አለ። ቺሊ ግን የምታወጣበት መንገድ ሌላ ነው። አታካማ የሚባለው እጅግ ደረቅ በረሃ ሥር ያለውን ጨዋማ ውሃ በፓምፕ ስበው ሰፋፊ ኩሬዎች ውስጥ ያሰጡታል፤ ፀሐይ ከዓመት በላይ ታተነውና ሊቲየሙ እየጠነከረ ይቀራል። አፍዴራ ጨው ሲመረት ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ችግሩ የሚተነው ውሃ ነው። የበረሃው ነዋሪዎች ከምድር ሥር ያለው ውሃችን እየወረደ ነው ብለው ሲከራከሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። እኛ የዚህ አካባቢ ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። ሐሮማያ ሐይቅ ለከተማም፣ ለመስኖም፣ ለጫትም ሲሳብ ሲሳብ፣ ደለሉም ሲሞላው፣ ዓይናችን እያየ ደርቆ ነበር። ከዓመታት በኋላ ውሃው ቢመለስም፣ ሐይቁ የነበረበት ሜዳ ላይ ከብት ሲግጥ ያየሁበት ቀን ከልቤ አይጠፋም።

ከሊቲየሙ የከፋው ኮባልት ነው። ከዓለም ኮባልት ከ100 እጅ 70 ያህሉ የሚወጣው ከዴሞክራቲክ ኮንጎ ነው። ከፊሉን በትልልቅ ማሽን ያወጡታል፤ ከፊሉን ግን ሰዎች፣ አንዳንዴም ሕፃናት፣ በእጃቸው ጉድጓድ ውስጥ ገብተው ነው የሚቆፍሩት። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ «ንጹሕ መኪና» በሚል ቃል ተሸፍኖ ማለፍም የለበትም። ደግነቱ ኮባልትም ኒኬልም የሌለበት የባትሪ ዓይነት አለ። ኤልኤፍፒ ይሉታል፣ የሚሠራው ከሊቲየም፣ ከብረትና ከፎስፌት ነው። ዋጋው ይረክሳል፣ በቀላሉ እሳት አይነሣበትም፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። በክብደቱ ልክ የሚይዘው ኤሌክትሪክ ግን ትንሽ ያንሳል። ቻይና ውስጥ ከሚሸጡት ረከስ ያሉ መኪኖች አብዛኞቹ ይህን ነው የሚጠቀሙት። ቢዋይዲ የተባለው የቻይና መኪና አምራች እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው «ብሌድ» የተባለው ባትሪም ኤልኤፍፒ ነው።

ቀጥሎ ፋብሪካው አለ። ባትሪ ለመሥራት ትልልቅ ማድረቂያ ምድጃና ቅንጣት እርጥበት የሌለበት ክፍል ያስፈልጋል፣ ሁለቱም ኤሌክትሪክ ይበላሉ። የዓለምን የመኪና ባትሪ አብላጫውን የምትሠራው ቻይና ናት፤ ከቻይና ኤሌክትሪክ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ደግሞ ከድንጋይ ከሰል ነው። የልጁ ጓደኛ ልክ ነው ያልኩት እዚህ ላይ ነው። መኪናዋ ድሬ ከመድረሷ በፊት ጭሷን ሌላ ሰው ሰማይ ላይ ለቃ መጥታለች።

ስንት? እስቲ ናፕኪን ላይ እንዳሰላሁለት እዚህም ላስላው። የ50 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ እንውሰድ፤ ኪሎዋት ሰዓት የቤታችን ቆጣሪ ኤሌክትሪክ የሚቆጥርበት መለኪያ ነው። እንደ ፋብሪካውና እንደ ኤሌክትሪኩ ቢለያይም ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ምድርን የሚያሞቀውን የካርቦን ጋዝ 80 ኪሎ ብንይዝ፣ 50 ጊዜ 80፣ 4 ሺህ ኪሎ ይሆናል። 4 ቶን። የመኪናዋ አካል፣ ቆርቆሮው፣ ወንበሩ፣ ከቤንዚን መኪናው ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ እሱን እንተወው። 4 ቶኑ ከቤት ይዛው የምትመጣው ዕዳ ነው።

የቤንዚን መኪና ዕዳው በየቀኑ ነው የሚጨምረው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ የካርቦን ጋዝ ይወጣዋል። ሊትሩ ራሱ አንድ ኪሎ የማይሞላ ሆኖ እንዴት 2.3 ኪሎ ጋዝ ይወጣዋል ትሉ ይሆናል። ቤንዚኑ ውስጥ ያለው ካርቦን ሲቃጠል ከአየሩ ኦክስጅን ይዞ ስለሚሄድ ነው፤ ክብደቱን የሚጨምረው ኦክስጅኑ ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የምትጠጣ መኪና እንግዲህ 18.4 ኪሎ ታወጣለች። ቤንዚኑ ከጅቡቲ በቦቴ ተጭኖ ሲመጣ ቦቴው የሚያጤሰው ናፍጣ እዚህ ውስጥ የለም።

አሁን ሁለተኛው ጥያቄ፣ ኩሬው የሚሞላበት ውሃ። እኛ አገር ይሄ ምሳሌ ብቻ አይደለም፣ እውነተኛ ውሃ ነው። ኤሌክትሪካችን ከ100 እጅ ከ90 በላይ የሚመነጨው ከግድብ ነው። ጳጉሜን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከግድብና ከንፋስ የሚመጣ ኤሌክትሪክ ጭሱ ከቁጥር አይገባም ማለት ይቻላል። ስለዚህ እዚህ የምትነዳ የኤሌክትሪክ መኪና 4 ቶን ዕዳዋን በ100 ኪሎ ሜትር 18.4 ኪሎ እያለች ትከፍላለች። 22 ሺህ ኪሎ ሜትር ግድም ስትነዳ ከዕዳ ነፃ ናት። ሐረር ደርሶ መልስ 110 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ በቀን ሁለቴ የሚመላለስ ታክሲ ዕዳውን በ100 ቀን ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት ሁሉ ትርፍ ነው።

ያችው መኪና ኤሌክትሪኩ ሁሉ ከድንጋይ ከሰል የሚመጣበት አገር ብትሆንስ? በ100 ኪሎ ሜትር 17 ኪሎዋት ሰዓት ብትበላ፣ ከሰል ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት አንድ ኪሎ ያህል ጋዝ ስለሚያወጣ፣ 17 ኪሎ ታወጣለች። ከቤንዚኗ የምትሻለው በ1.4 ኪሎ ብቻ ነው። 4 ቶኑን ለመክፈል 286 ሺህ ኪሎ ሜትር መንዳት አለባት። በመኪናዋ ላይ የተለወጠ አንድ ብሎን የለም። የተለወጠው ሶኬቱ ነው።

ይሄ እኛንም ይነካል። መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር ቻርጅ የሚያደርግ ሰው አይቻለሁ። አንድ ሊትር ናፍጣ በትንሽ ጄኔሬተር ቢቃጠል ከ3 ኪሎዋት ሰዓት ብዙም አይዘልም። ለ100 ኪሎ ሜትር 6 ሊትር የሚጠጋ ናፍጣ አቃጠልክ ማለት ነው፤ ትርፉ አብዛኛው ሄደ። አማራጭ ሲጠፋ ይደረጋል፣ ይገባኛል። ልማድ ከሆነ ግን ጭሱ ከመኪናው ወደ ግቢው ተዛወረ እንጂ አልቀረም።

ከሐረር ወደ ድሬ ስለሚያወርደው የደንገጎ ቁልቁለት ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ሐረርና ድሬዳዋ መካከል የከፍታ ልዩነቱ 700 ሜትር ግድም ነው። የቤንዚን መኪና ይዞ ደንገጎን የወረደ ሰው የፍሬን ሽታውን ያውቀዋል፤ ያ ሽታ የባከነ ጉልበት ነው፣ ብናኙም ሳንባችን ውስጥ ነው የሚገባው። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ላይ እግርህን ከመርገጫው ስታነሣ ሞተሯ ወደ ዲናሞነት ይለወጣል። ጎማው ሞተሩን ያዞራል፣ ሞተሩ ባትሪውን ይሞላል፣ በዚያው መኪናዋ ትያዛለች። 1,700 ኪሎ የምትመዝን መኪና 700 ሜትር ስትወርድ ያለው ጉልበት 3 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ሁለት ሦስተኛው ቢመለስ 2 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሜዳ ላይ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዳል። የእህቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ብርጭቆውን አስቀመጠና «ደንገጎ ከፈለኝ ማለት ነው?» አለኝ። የወጣኸውን ነው የሚመልስልህ፣ ያውም ሁሉንም አይደለም። ቤንዚን ግን ምንም አይመልስም። አንድ ነገር ግን አስጠንቅቄዋለሁ። ሐረር ላይ ባትሪውን ጢም አድርጎ ሞልቶ ከወረደ የሚመለሰው ጉልበት መግቢያ ቦታ አያገኝም፤ ያኔ ሥራው ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ትንሽ ክፍት ቦታ ትቶ መውረድ አለበት።

ፍሬን ቢቆጥቡም ጎማ ላይ ግን አይራሩም። በባትሪው ምክንያት ከባድ ስለሆኑ ጎማቸው ቶሎ ያልቃል፣ የጎማ ብናኝም ብክለት ነው። ጎሚስታዎቹ ሥራ አያጡም።

የድሬ ሙቀት ሌላ ጉዳይ ነው። ሊቲየም ባትሪን ሙቀት ያስረጀዋል፤ በተለይ ጢም ብሎ ሞልቶ ፀሐይ ላይ ሲውል። ስለዚህ ጥላ ፈልግ፣ ከረጅም መንገድ እንደገባህ ባትሪው ግሎ ሳለ አትሰካ፣ ማታ ነፈስ ሲል ሰካው። ይሄ ለኪስ ብቻ አይደለም። 4 ቶን ዕዳ ያለበት ባትሪ ዕድሜው ባጠረ ቁጥር ሌላ 4 ቶን ይጠራል።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን መጨረሻው ነው። ጥር 2016 ላይ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ሲነገር ሁላችንም ያወራነው ስለ ዋጋና ስለ ቻርጅ ማድረጊያ ነበር። ባትሪው ሲያረጅ የት ይሄዳል ብሎ የጠየቀ ሰው በሰፈሬ አልሰማሁም። አቅሙ ከነበረበት ወደ 70 ወይም 80 እጅ የወረደ ባትሪ ለመኪና ይደክማል እንጂ አልሞተም። ለቤት መብራት፣ ለሱቅ ፍሪጅ፣ ለጤና ጣቢያ የክትባት ማቀዝቀዣ ዓመታት ያገለግላል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይሄ ወርቅ ነው። ያለ ዕውቀት ከፈቱት ደግሞ ይቃጠላል፣ በውሃ ለማጥፋትም ያስቸግራል፣ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። አሁን ታይዋን ገበያ የስልክ ባትሪ በቢላ የሚፈለቅቁ ልጆች አሉ። ነገ የመኪናው ሲመጣላቸው ምን እንደሚያደርጉ ሳስብ እንቅልፍ ይነሣኛል። መኪናው እንዲገባ ደንብ ከወጣ፣ አሮጌውን የሚቀበልና በሥርዓት የሚፈታ ቦታም አብሮ መውጣት አለበት፤ በየከተማው፣ ከአሁኑ።

«ታዲያ ልግዛ አልግዛ?» አለኝ በመጨረሻ።

ግዛ አልኩት። በአንተ መንገድ፣ በእኛ ኤሌክትሪክ፣ ሒሳቡ ግልጽ ነው። ግን ከመክፈልህ በፊት ባትሪዋ ኤልኤፍፒ ነች ወይ በል። የባትሪው ጤንነት ስንት እጅ እንደሆነ በመመርመሪያ ይታይ። ዋስትናው እዚህ አገር ይሠራል ወይስ ቻይና ብቻ? ባትሪው ሲደክም ማን ይረከብሃል?

እዚያው ቁጭ እንዳለ ለሻጩ ደወለ። ሻጩ የመጀመሪያውን ጥያቄ ሰምቶ ዝም አለ፤ ከዚያ «እስከ ነገ አጣርቼ ልደውልልህ» አለው። ሁለተኛ ሻይ አዘዝን።